ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር ነው



በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምጽፍላችሁ ከወጥ ቤት፣ ከልጆች አስተዳደግ ወይም ከጸሎት ሰዓት ስለ ተማርኩት ነገር ነው። ዛሬ ግን ከብስክሌት ላይ፣ ያውም ጭቃ ውስጥ ወድቄ ስለ ተማርኩት ነገር ልጽፍላችሁ ነው። ፈገግ ብትሉ አልቀየማችሁም። ባለቤቴም ጽሑፉን ሳነብለት መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ በመጨረሻም "ይታተም፣ ለሌሎችም ይጠቅማል" አለኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ በእርሱ ፈቃድ ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ባለቤቴ መጋቢ ነው። መጋቢ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መድረኩ ነው፤ ለእኔ ግን የሚታየኝ ወንበሩ ነው። ተቀምጦ ያማክራል፣ ተቀምጦ ይሰበሰባል፣ ተቀምጦ ያጠናል፣ ለጉብኝት በሄደበት ቤት ሁሉ ተቀምጦ የቀረበለትን ይበላል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለምርመራ ሐኪም ቤት ሄደን የደም ግፊቱ ከፍ ማለቱ ተነገረን። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘለት በኋላ ጨው እንዲቀንስና በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ መከረው። ይህ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂዎች የሚመክረው ልክ ነው። ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፤ "መቼ?"

ከጉባኤያችን አንድ ወንድም ችግራችንን ሰምቶ ሁለት ማውንቴን ባይክ አዋሰን። ወፍራም፣ ጥርስ ያለው ጎማ ያላቸውና ብዙ ማርሽ ያላቸው ናቸው። እኔም በልጅነቴ በሰፈራችን በደቂቃ እየከፈልን የምንከራየውን ሳይክል ትዝ ብሎኝ ደስ አለኝ። አንዲት እህት ግን ባየችኝ ጊዜ "የመጋቢ ሚስት በሳይክል?" ብላ አፏን ያዘች። በፍቅር ነው ያለችው፤ እኔም በፍቅር መለስኩላት። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ስለዚህ ሳይክል የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም አልኳት። ሳቀችና "እሺ፣ ጌታ ከመኪና ይጠብቃችሁ" አለችኝ።

የሐምሌው ቅዳሜ

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋትን ለዚሁ ለየነው። ለሰርግም፣ ለስብሰባም፣ ለለቅሶም የማይሰጥ ሰዓት አደረግነው። መጀመሪያ ሜዳ ሜዳውን፣ ቆይቶም ትንንሽ ዳገት ለመድን። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በአንዱ ቅዳሜ ባለቤቴ "ዛሬ እንጦጦን እንሞክር" አለ።

እንጦጦን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ የተቀመጡበት ተራራ ነው። ከፍታው 3,200 ሜትር ያህል ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ ሦስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ለከተማችን አየር የለመደ ሰው እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሯጮቻችን ልምምድ የሚሠሩበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ለብስክሌት የተዘጋጁ መንገዶችም አሉት።

እኛ ግን የጀመርነው ከታች ከሽሮ ሜዳ ነበር። ከንጋቱ 12፡30 ላይ ካፊያ ይወርድ ነበር። ተራራው በጭጋግ ተሸፍኖ ጨርሶ አይታይም። በልቤ "ዛሬስ ይቅርብን" አልኩ። ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም ነበር፤ ጉልበቴንም ያመኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይህችን ጠዋት ሲጠብቅ ነበር።

"ደህና ነሽ? እንውጣ?" አለኝ።

"ደህና ነኝ" አልኩት።

እባካችሁ ይህችን ቃል ያዙልኝ።

የጥበብ ልብስ የሚሸጡት ሱቆች ገና አልተከፈቱም። በር ላይ የቆሙ ሕፃናት "በርቺ! በርቺ!" ይሉኛል። ብስክሌቴ ቀላል ማርሽ ነበረው። በቀላሉ ማርሽ እግር ቶሎ ቶሎ ይሽከረከራል፣ ብስክሌቱ ግን እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ልጆቹ እያዩኝ እንደዚያ መንፈራገጥ አፈርኩና በከባዱ ማርሽ ቆይቼ በጉልበቴ መግፋት ያዝኩ። ባለቤቴ ፊት ፊት እየሄደ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ "ደህና ነሽ?" አለኝ። ሁለት ጊዜም "ደህና ነኝ፣ ሂድ!" አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀኝም፤ ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

መንገዱ ወደላይ ቀጥ ብሎ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጉልበቴ አለቀ። ያን ጊዜ ነው ማርሽ ልቀይር የሞከርኩት። ብስክሌቱ "ቀጭ፣ ቀጭ" ብሎ አንዴ ጮኸና ካቴናው ከጥርሱ ወጣ። ፔዳሉ ባዶውን ዞረ፣ ብስክሌቱም ቆመ፣ እኔም ከነብስክሌቴ በመንገዱ ዳር ባለው ጭቃ ላይ በጎኔ ወደቅሁ። ብዙ አልተጎዳሁም፤ ክንዴ ትንሽ ተላጠ። ስልኬ ግን በባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ዝናቡም ጠና።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የክንዴ ሕመም እንዳላስለቀሰኝ ያን ጊዜም ይታወቀኝ ነበር።

እኚያ እናት

ከላይ እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ወረዱ። እንጦጦን የሚያውቅ ሁሉ እነዚህን እናቶች ያውቃቸዋል፤ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ከቁመታቸው በላይ የሆነ ሸክም አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት። ሲያዩኝ ቆሙ።

"ልጄ፣ ተጎዳሽ እንዴ?"

"ደህና ነኝ እማማ" አልኳቸው። እንባዬ እየወረደ!

ሸክማቸውን ሳያወርዱ በመንገዱ ዳር ባለው የአፈር ግድብ ላይ አስደግፈው አረፉ። አፍሬ ዝም ከምል ብዬ "እማማ፣ ይህን ሁሉ ተሸክመው እንዴት ይችሉታል?" አልኳቸው።

"ሳይደክመን ነው የምናርፈው" አሉኝ። "እስኪደክምሽ ከጠበቅሽማ ሸክሙ ይጥልሻል፤ ከጣለሽ ደግሞ ብቻሽን አትነሺም።"

ትንሽ ቆይተው "በይ፣ አይዞሽ" ብለውኝ ወረዱ። እኔ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመራቂ ነኝ፤ ስለ ምክር አገልግሎትም ተምሬአለሁ። እኚያ እናት ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጤን አዩት።

ባለቤቴ ከላይ ብዙ ከጠበቀኝ በኋላ ተመልሶ መጣ። ገና ከብስክሌቱ ሳይወርድ ጮህኩበት። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገኝ! ጥለኸኝ ነው የምትሄደው!" አልኩት።

እርሱም ደንግጦ "ደህና ነኝ፣ ሂድ አላልሽኝም?" አለኝ።

እውነቱን ነበር። እኔም እውነቴን ነበር። ሁለታችንም እውነታችንን ይዘን በዝናብ ውስጥ ተፋጠጥን።

"ደህና ነኝ" የተባለው ነገር

ከመንገዱ ዳር የቆርቆሮ ጥላ ያለው የተዘጋ ሱቅ አገኘንና ከሥሩ ተጠለልን። እዚያ ቆመን ነው በሃያ ዓመት ትዳራችን ውስጥ ተናግሬው የማላውቀውን ነገር የነገርኩት።

እናቴ በ2014 ዓ.ም. ባረፈች በሦስተኛው ሳምንት ከክፍለ ሀገር ለጉባኤ የመጡ አገልጋዮችን በቤታችን ተቀብዬ ነበር። ባለቤቴ አስቀድሞ "ትችያለሽ ወይ? ካልቻልሽ ሌላ ቤት እናሳርፋቸዋለን" ብሎ ጠይቆኛል። እኔም "ደህና ነኝ፣ ጌታ ያበረታኛል" አልኩት። ሽንኩርት እየላጥኩ አለቅስ ነበር፤ ሰው ሁሉ ከሽንኩርቱ መሰለው። ከዚያ በኋላ የሕንፃ ሥራው መጣ፤ "ደህና ነኝ።" የሴቶች አገልግሎት መሪ ለቀቀችና ተተካሁ፤ "ደህና ነኝ።" ቀስ በቀስ እሑድ ሲደርስ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። መዝሙር እየዘመርኩ ልቤ ደረቅ ነበር። ባለቤቴ በመድረክ ላይ ስለ ፍቅር ሲሰብክ በውስጤ እፈርድበት ነበር። የመጋቢ ሚስት ይህን ለማን ትናገራለች? ለማንም አልተናገርኩም። ለራሱ ለባለቤቴም ቢሆን።

ሰምቶኝ ሲያበቃ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም "እኔም አንድ ነገር ልናገር" አለኝ። "ደህና ነኝ ስትይኝ አንዳንድ ጊዜ ፊትሽ ደህና እንዳልሆንሽ ይነግረኛል። ግን ቃልሽን ማመን ይቀለኛል። ካመንኩሽ ሥራዬን እቀጥላለሁ፤ ካላመንኩሽ ማቆም አለብኝ።"

ወገኖቼ፣ ከዚህ ይልቅ የሚያጽናና ነገር ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እውነቱን ስለ ነገረኝ ያን ቀን በጣም ወደድኩት። በኤፌሶን 4፥25 ላይ ሐዋርያው ውሸትን አስወግደን እርስ በርሳችን እውነትን እንድንነጋገር ሲያዝዘን፣ ምክንያቱ የአንድ አካል ብልቶች መሆናችን ነው ይላል። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ውሸት ሲባል ግን የሚታየኝ የሌላው ሰው ውሸት ነበር። በትሕትና የተነገረ፣ በፈገግታ የታጀበ፣ "ጌታ ያበረታኛል" የተጨመረበት የራሴ ውሸት አልታየኝም ነበር። እግር ስትቆስል ለራስ "ደህና ነኝ" ብትል አካሉ ሁሉ አብሮ ይወድቃል እንጂ አይጠቀምም።

ከዳገቱ የተማርናቸው ሦስት ነገሮች

አንደኛ፣ ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር ነው። ብስክሌቶቹን ያዋሰን ወንድም በኋላ እንዳስረዳን፣ ካቴናው ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የሚሻገረው በቀላሉ እየዞረ ሳለ ነው። ሙሉ ጉልበታችንን ፔዳሉ ላይ አሳርፈን ሳለ ብንቀይር ካቴናው ተወጥሮ ስለሚይዝ ይዘላል፣ ይወጣል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። በትዳርም እንዲሁ ነው። ጭነቱ ጫፍ ሲደርስ፣ እንግዳው በር ላይ ቆሞ፣ ልጅ ታሞ፣ ገንዘብ አልቆ ሳለ "ከበደኝ" ብንል ቃላችን ጩኸት ሆኖ ይወጣል። ሰሚውም የሚሰማው ጩኸቱን እንጂ ሕመሙን አይደለም። ዳገቱ ከሩቅ ሲታይ "ይህ ለእኔ ይከብደኛል፣ እንዴት እናድርገው?" ማለት ግን የእምነት ማነስ አይደለም። ቀላል ማርሽም የተሠራው ለዳገት እንጂ ለማሳፈር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቀርፋፋው ፊት ይሂድ። ዝናቡ ሲቀንስ ባለቤቴ ካቴናውን መለሰልኝ፤ እጁ በግራሶ ጠቆረ። ከዚያ "አንቺ ፊት ሁኚ፣ እኔ እከተልሻለሁ" አለኝ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁሉን ለወጠው። ከኋላ ሳለሁ እርሱ እኔን የሚያየኝ ዞር ሲል ብቻ ነበር። ፊት ስሆን ግን ሳልናገር ያየኛል፤ ስቆም ይቆማል። በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ላይ ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩ ታዘዋል። ለማስተዋል ደግሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሄድ ሰው የሚያየው መንገዱን ብቻ ነው። በአንዳንድ ቤት ቀርፋፋው ባልየው ሊሆን ይችላል። ሥራ ያጣ፣ የታመመ፣ ወይም ያዘነ ባል ያላችሁ እህቶች፣ እናንተም ለእርሱ እንዲሁ አድርጉ።

ሦስተኛ፣ ሳይደክማችሁ እረፉ። ይህ የእኚያ እናት ትምህርት ስለ ሆነ ከእኔ የምጨምርበት የለኝም። እኛ ግን ቅዳሜ ጠዋትን በመለየት የጀመርነውን ነገር ያን ጊዜ ነው ትርጉሙ የገባን።

ያዕቆብ አላፈረም

በዚያ ሳምንት በጥናቴ ዘፍጥረት 33 ላይ ደረስኩ። ዔሳው አራት መቶ ሰዎች አስከትሎ ወንድሙን ሊገናኝ መጣ። ተሳስመው፣ ተላቅሰው ካበቁ በኋላ ዔሳው አብረን እንጓዝ አለ። ያዕቆብ ግን በቁጥር 13 እና 14 ላይ የሰጠውን መልስ አስተውሉ። ልጆቹ ገና ጨቅላ ናቸው፤ ከመንጋውም የሚያጠቡ አሉ፤ አንድ ቀን እንኳ በግድ ቢነዱ ያልቃሉ። አንተ ቅደም፣ እኔ በእንስሳቱና በልጆቹ እርምጃ ልክ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ አለው።

እርግጥ ያዕቆብ ወደ ሴይር እመጣለሁ ብሎ ወደ ሱኮት መሄዱን አውቃለሁ፤ ያዕቆብን ጻድቅ ላደርገው አልሞክርም። ነገር ግን በአራት መቶ ብርቱ ወንዶች ፊት "የእኔ ቤተ ሰብ በዚህ ፍጥነት መሄድ አይችልም" ብሎ መናገሩ ልቤን ነካው። ራሱም ቢሆን በጵኒኤል ካደረበት ሌሊት ጀምሮ እያነከሰ ነበር። ያነከሰ ሰው የሌላውን እርምጃ ማክበር ይማራል። በአገልግሎት ያላችሁ ወንድሞች፣ ከኋላችሁ ማን እንዳለ ታውቃላችሁ? የአገልግሎቱ ፍጥነት የሚለካው በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሩጫ ነው ወይስ ጌታ በሰጣችሁ ልጆችና ሚስት እርምጃ?

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ "እኔ እናገራለሁ፣ የሚሰማኝ ግን የለም" ትሉ ይሆናል። ሕመማችሁን አላቃልልም። እንዲህ ያለ ሸክም ብቻውን አይነሳም፤ ለምታምኑት በሳል ሰው ወይም ለምክር አገልጋይ ንገሩ። ክብር ለመጠበቅ ብላችሁ በጭቃው ውስጥ ብቻችሁን አትቀመጡ።

ጫፍ ላይ ደረሳችሁ ወይ?

አልደረስንም። ጥቂት እንደ ሄድን ነጎድጓድ ተሰማ። ነጎድጓድ ከተሰማ ከከፍታ ቦታ መውረድ እንጂ ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ስለ ሆነ ተመለስን። ቁልቁለቱን ፍሬናችንን አስቀድመን በቀስታ እየያዝን፣ በእርጥቡ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንዳንንሸራተት እየተጠነቀቅን ወረድን። ቤት ስንደርስ ልጆቻችን ልብሳችንን አይተው በሳቅ ሞቱ።

ወደ ጫፉ የደረስነው በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ አዲስ አበባ ከእግራችን ሥር ተዘርግታ ነበር። ደስ ይል ነበር። ነገር ግን ለትዳራችን የጠቀመን በጭጋግ የቆምንበት ያ የቆርቆሮ ጥላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሴቶች አገልግሎቱን ለሁለት እህቶች አካፍያለሁ፤ እሑድም እንደ ቀድሞው አያስፈራኝም። ባለቤቴም የደም ግፊቱ ወርዷል፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ቢነግረውም በእንቅስቃሴው ተደስቷል። አሁን "ደህና ነሽ?" ሲለኝ አንዳንዴ "አይደለሁም፣ ቆይ" እለዋለሁ። እርሱም ይቆያል።

ለባለትዳሮች መወያያ

1. ባለፈው ወር "ደህና ነኝ" ብዬህ፣ ብዬሽ ደህና ያልነበርኩት መቼ ነው?
2. በሚመጡት ሦስት ወራት ከፊታችን የሚታየን ዳገት ምንድን ነው? ከአሁኑ ምን እንቀይር?
3. አሁን በቤታችን ከኋላ የቀረው ማን ነው? ፊት ቢሆን ምን ይለወጣል?
4. በሳምንት ውስጥ ለማንም የማንሰጠው ሰዓት አለን?

ጸሎት

አባት ሆይ፣ ደካማነታችንን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኛ ግን እርስ በርሳችን እንደባበቃለን። በትዳራችን እውነት የምንናገርበትን ድፍረት፣ እውነትን የምንሰማበትንም ትዕግሥት ስጠን። የቀደመው እንዲጠብቅ፣ የዘገየውም እንዲናገር እርዳን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።